«የጥቃቱ ዓይነት» የሚለው ዓምድ ላይ ምን ልጻፍ?

ሐይቅዳር_አይቲ (ሐዋሳ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ሐዋሳ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል ውስጥ አይቲ ነኝ። «የአይቲ ክፍል» ይባላል እንጂ ክፍሉ እኔ ብቻ ነኝ። ካሜራ ቢጠፋ፣ ፕሪንተር ቢነክስ፣ የሠርግ አዳራሹ ፕሮጀክተር ቢደበዝዝ የሚጠራው የኔ ስም ነው።

ሰሞኑን አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣልን። ሥራ ወዳድ ሰው ነው። ኔትወርኩ ላይ የሚደርስ ጥቃት ሁሉ በየወሩ ተመዝግቦ ይቅረብልኝ አለ። ፎርሙንም ራሱ ሠራው፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የጥቃቱ ዓይነት፣ የተወሰደ እርምጃ። ሌላው ቀላል ነው። «የጥቃቱ ዓይነት» ግን ራስ ምታት ሆነብኝ። ከኢንተርኔት አንድ ዝርዝር አወረድኩ። ዶስ፣ ዲዶስ፣ ማልዌር፣ ፊሺንግ፣ ስፑፊንግ፣ ብሩት ፎርስ፣ ማን ኢን ዘ ሚድል እያለ ይቀጥላል። ችግሩ አንዱ ነገር ሦስት ቦታ ይገባል፤ ሌላው ደግሞ የትም አይገባም።

የዚህ ወር ጉዶች እነዚህ ናቸው፦

1. አንድ እንግዳ ላፕቶፑ ላይ ኔትካት ጭኖ የሌሎቹን እንግዶች ዋይፋይ ሲቆርጥ አመሸ። ኮኔክሽኑን ለብቻው ሊጠጣው ነው መሰለኝ።

2. ስብሰባ የመጡ ሰዎች የራሳቸውን የቤት ራውተር አምጥተው የግድግዳው ሶኬት ላይ ሰኩት። ወዲያው የሪሴፕሽን ኮምፒውተሮች በ192.168.0 የሚጀምር አድራሻ መውሰድ ጀመሩ። የኛ በ10 ነው የሚጀምረው። ፖስ ማሽኑ ግማሽ ቀን ሞተ፤ እንግዳ ሒሳብ ለመክፈል ባንክ ድረስ ተላከ።

3. የማይክሮቲክ ራውተራችን ሎግ ሌሊት ሌሊት በመግባት ሙከራ ይሞላል። ሁሉም የተሳሳተ ፓስወርድ ነው። በመሃል ግን ከሌላ አድራሻ አንድም ጊዜ ሳይሳሳት፣ በአድሚን ስም ሰተት ብሎ የገባ አለ።

4. ከሰዓት በኋላ ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል። የሚሞላው ማውረጃው ሳይሆን መላኪያው ነው። ከውጭ የጠራነው ባለሙያ «ዲዶስ እየተደረገባችሁ ነው» አለና ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ።

5. ፋይናንስ ያለች ባልደረባችን በኢሜይል የመጣ «ደረሰኝ» ከፈተች። የኮምፒውተሯ ፋይሎች ተቆለፉ። የሼርድ ፎልደሩም አብሮ ተቆለፈ። አሁን ዶላር ክፈሉ ይላል።

ምን ምን ብዬ ልመድባቸው? ሰኞ ማስረከብ አለብኝ።

ቆርጦ_ቀጥል

ሁሉንም «ቫይረስ» በለው ወንድሜ። አለቃህ ሌላ አይጠይቅህም።

ተመራቂ_17

የመመረቂያ ጽሑፌ በዚሁ ርዕስ ላይ ስለሆነ ልርዳህ። አራት ምድብ ይበቃሃል። የመጀመሪያው ዶስ ነው፤ አገልግሎት መከልከል። ሁለተኛው ፕሮብ፤ ፖርት እየቆጠሩ መሰለል። ሦስተኛው አርቱኤል፤ ከሩቅ ሆኖ ወደማይፈቀድ ማሽን መግባት። አራተኛው ዩቱአር፤ ተራ ተጠቃሚ ሆኖ ገብቶ ራስን አድሚን ማድረግ። ኬዲዲ 99 የሚባለው፣ ጥቃት ለይቶ የሚያውቅ ሞዴል የሚሠለጥንበት ዳታሴት የሚጠቀመው ይህንን ነው። በዓለም ላይ ስንትና ስንት ጥናት የተሠራበት ስለሆነ ለአለቃህም «በሳይንሳዊ ምደባ» ብለህ ማቅረብ ትችላለህ።

ጋሽ_ኬብል (ሐዋሳ፣ አቶቴ)

ልጆች፣ እኔ ኔትወርክ ስዘረጋ የኖርኩ ሰው ነኝ። ትንሽ ላውራ።

መጀመሪያ ለባለ ሆቴሉ። ያወረድከው ዝርዝር የሚያደናግርህ አንተ ስላልገባህ አይደለም። ዝርዝሩ ራሱ የተለያየ ጥያቄ መልሶችን አንድ ላይ ደባልቋል። ፊሺንግ፣ በውሸት መልእክት ማታለል፣ በየት እንደተገባ ይናገራል። ስፑፊንግ፣ ሌላ መስሎ መቅረብ፣ ምን እንደተደረገ ይናገራል። ዶስ ምን እንደደረሰ ይናገራል። ማልዌር፣ ጎጂ ፕሮግራም፣ ደግሞ በምን እንደተሠራ። ትራፊክ ፖሊስ የአደጋ ቅጽ ሲሞላ «የአደጋው ዓይነት፦ ባጃጅ» ብሎ አይዘጋም። ማን ማንን እንደገጨ፣ የት እንደገጨ፣ ምን ጉዳት እንደደረሰ ለየብቻ ይጽፋል። አንተም አንዱን ዓምድ በአራት ክፈለው፦ በየት ገባ፣ ምን አደረገ፣ ምንን ነካ፣ ምን አስከተለ።

ይህን ከኪሴ አላወጣሁትም። ሐዋርድ እና ሎንግስታፍ የሚባሉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1998 የኮምፒውተር ደህንነት ክስተቶችን ሁሉም በአንድ ቋንቋ እንዲመዘግብ ብለው ያወጡት ሰነድ አለ። እነሱ የጥቃት ውጤት አምስት ነው ይላሉ። የማይገባ መብት ማግኘት፣ ምስጢር መውጣት፣ መረጃ መበላሸት፣ አገልግሎት መከልከል፣ የሀብት ስርቆት። ይቺን የመጨረሻዋን ያዛት፤ አራተኛው ጉዳይህ ላይ እንፈልጋታለን።

አሁን ወደ ጉዶችህ።

ኔትካት። ይሄ ሰውዬ ከውጭ አልመጣም፤ የክፍል ቁልፍ ይዞ የገባ ደንበኛ ነው። መሣሪያው የሚሠራው ኤአርፒን በመዋሸት ነው። ኤአርፒ እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ ፕሮቶኮል ነው። «ይህ የአይፒ አድራሻ የማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «የኔ ነው» ያለውን ሁሉ ያምናል፤ መታወቂያ አይጠይቅም። ስለዚህ የኔትካቱ ሰው ለሌሎቹ ስልኮች ስለ ጌትዌዩ፣ ወደ ኢንተርኔት ስለሚያወጣው በር፣ የውሸት መልስ ይልካል። እነሱም ፓኬታቸውን ወደዚያ ይልካሉ፤ መንገድ ላይ ይቀራል። እንግዲህ አድራጎቱ ስፑፊንግ ነው፤ ውጤቱ ዶስ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ሁለቱንም ጻፍ። ያው ሰውዬ ፓኬቱን መጣሉን ትቶ አንብቦ ቢያሳልፈው ኖሮ አድራጎቱ አንድ ሆኖ ውጤቱ ምስጢር መውጣት ይሆን ነበር። ማን ኢን ዘ ሚድል የሚሉት እሱን ነው። መፍትሔው ግን ለሁለቱም አንድ ነው። የእንግዶች ዋይፋይ ላይ አንዱ ስልክ ከሌላው ስልክ ጋር እንዳይነጋገር ማድረግ። አክሰስ ፖይንትህ ላይ «ክላይንት አይሶሌሽን» የሚል አለ፤ አብራው።

የሰዎቹ ራውተር። እዚህ ላይ ሥራ አስኪያጅህ ያዝናል እንጂ ይሄ ጥቃት አይደለም። ማንም ክፉ አላሰበም። የቤት ራውተሩ የላን ፖርት ላይ ስለተሰካ የራሱን ዲኤችሲፒ፣ ማለትም ለየማሽኑ አድራሻ የሚሰጠውን አገልግሎት፣ ሠፈሩ ሁሉ ላይ ማደል ጀመረ። ማሽኖች ደግሞ ቀድሞ የመለሰላቸውን ይቀበላሉ። ጉዳቱ ግን ከጥቃት አያንስም። አንድ ሰው ሆን ብሎ ይህንኑ ቢያደርግ፣ ዲኤንኤሱንም፣ የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉመውን፣ የራሱን ቢሰጥ፣ ሪሴፕሽንህ የሚከፍተውን ገጽ ሁሉ ወደፈለገበት ይመራው ነበር። ስለዚህ ከፎርሙ አታስወጣው። «ክስተት፣ ያለ ተንኮል» በለውና ከጥቃቶቹ ለየው። ስዊችህ የሚቀናበር ዓይነት ከሆነ ያልተፈቀደ ዲኤችሲፒ የሚያግደውን ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ አብራ። ካልሆነ ማይክሮቲኩ ሌላ ዲኤችሲፒ ሲያይ የሚጮህበት ማንቂያ አለው፤ አያስቆመውም፣ ግን ግማሽ ቀን አትፈልግም።

ሦስተኛውና አራተኛው ላይ መልስ ከመስጠቴ በፊት ሁለት ነገር ንገረኝ። የራውተሩ የሶፍትዌር ስሪት ስንት ነው? ደግሞ ኢንተርኔቱ ሲንቀራፈፍ የማይክሮቲኩን የትራፊክ ማያ፣ ቶርችን፣ ክፈትና መላኪያው ላይ የሚወጣው ምን እንደሆነ እይ። ፕሮቶኮሉንና የፖርት ቁጥሩን።

ሐይቅዳር_አይቲ

ጋሽዬ እግዜር ይስጥልኝ። ስሪቱ 6.41 ነው። እኔ ከመቀጠሬ በፊት እንደተገዛ ነው ያለው። ቶርችም አሁን ከፍቼ አየሁ። ከኛ የውጭ አድራሻ፣ ከፖርት 53፣ ዩዲፒ፣ ወደ ውጭ ይጎርፋል። የሚሄደው ወደ ጥቂት አድራሻዎች ብቻ ነው። አንዳቸውንም አላውቃቸውም።

ጋሽ_ኬብል

በል ስማኝ። ፎርሙን አስቀምጠውና መጀመሪያ ይህን አንብብ።

አራተኛው፦ ባለሙያችሁ ዲዶስ፣ ማለትም ከብዙ አድራሻ በአንዴ የሚወርድ ዶስ፣ መኖሩን አልሳተም። ማን ላይ እንደሆነ ነው የሳተው። እየተደበደባችሁ አይደለም፤ ዱላውን እያቀበላችሁ ነው። ራውተራችሁ ላይ የዲኤንኤስ ገጹ ውስጥ «አላው ሪሞት ሪኩዌስትስ» የሚለው በርቷል፤ ፋየርዎሉም ከውጭ የሚመጣውን ጥያቄ አይከለክልም። ስለዚህ ከዓለም የትኛውም ጥግ የጠየቀውን ሁሉ ይመልሳል። አጥቂው የተበዳዩን አድራሻ ላኪ አስመስሎ ትንሽ ጥያቄ ይልክላችኋል። እናንተ ትልቁን መልስ ወደ ተበዳዩ ትልካላችሁ። በዲኤንኤስ ይህ ማብዛት ከ28 እስከ 54 እጥፍ ይደርሳል። በሌሎች አገልግሎቶች ከዚህም ይብሳል፤ ሜምካሽድ የሚባለው ከ10 ሺህ እጥፍ በላይ ያበዛል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2018 ጊትሃብ ላይ በሰከንድ 1.35 ቴራቢት የወረደበት በሱ ነው።

አቅጣጫው ነው የሚለየው። ጥቃቱ በእናንተ ላይ ቢሆን ማውረጃው ነበር የሚሞላው፣ ከብዙ አድራሻ፣ ምንጩ ፖርት 53 ሆኖ። የእናንተ የሚወጣ ነው። ፎርሙ ላይ ውጤቱን «የሀብት ስርቆት» በለው። የተሰረቀው የመላኪያ መስመራችሁ ነው። የእንግዶቹ መንቀራፈፍ የዚያ ትራፊ ነው። ይህን ልዩነት ካልጻፍክ ሥራ አስኪያጁ ተጨማሪ ሜጋቢት ይገዛል። የገዛውንም ለሌባው ያቀርብለታል።

ሦስተኛው ከሁሉም ያስፈራኛል። ሌሊቱን ሙሉ የተሳሳተ ፓስወርድ የሚሞክሩት ብሩት ፎርስ ናቸው፤ እሱን በዚያው ስም መዝግበው። የፐብሊክ አድራሻ ያለው መሣሪያ ሁሉ ይህ ይደርስበታል። ሳይሳሳት የገባው ግን የነሱ ወገን አይደለም። ገማች ይሳሳታል። ያልተሳሳተ ሰው ፓስወርዱን ያውቀዋል። ከየት አወቀው? 6.41 ከሆነ አንድ የታወቀ መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ማይክሮቲክ በሚቀናበርበት ፕሮግራም፣ በዊንቦክስ፣ ላይ አንድ ቀዳዳ ተገኝቶ ነበር። ሳይገቡ የተጠቃሚዎችን ፋይል ለማንበብ ያስችላል። በዚያ ፋይል ውስጥ ፓስወርዱ በቀላሉ የሚፈታ ሆኖ ተቀምጧል። ኩባንያው በዚያው ዓመት ሚያዝያ ውስጥ በ6.42.1 ደፍኖታል። እናንተ አላደሳችሁትም። ቀድሞ የነበረ ሠራተኛ ፓስወርዱን ይዞ ሄዶም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ረድፍ ላይ እንዳትጽፋቸው። አንደኛው «በፓስወርድ ግመታ፣ አልተሳካም»። ሌላው «በትክክለኛ ፓስወርድ፣ ተሳክቷል፣ የማይገባ መብት ተገኝቷል»። አንድ ላይ «ብሩት ፎርስ» ብለህ ብትጨፈልቃቸው እርምጃው «ፓስወርድ ረዘም ይበል» ይሆናል። ቀዳዳው ባለበት ራውተር ላይ የረዘመ ፓስወርድም ይነበባል።

አደራ፣ ሪስታርት እንዳታደርገው። ማይክሮቲክ ካልተነገረው በቀር ሎጉን ሜሞሪ ላይ ነው የሚይዘው፤ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። መጀመሪያ ሎጉን ወደ ኮምፒውተርህ አውጣ። ከዚያ በቀጠሮ ሥራ የሚያስነሳውን ስኬጁለር እይ፤ አንተ ያልጻፍከው ስክሪፕት ካለ ያዘው። ሶክስ ፕሮክሲ፣ የሌላ ሰው ትራፊክ በራውተራችሁ በኩል የሚያሳልፈው፣ በርቶ እንደሆነም እይ። ከዚያ በኋላ ማዘመን ብቻ አይበቃም፤ ገብቶ የነበረ ሰው ምን ትቶ እንደሄደ አይታወቅም። በኔትኢንስቶል ከዜሮ ጫነው። ድሮ የተያዘ ባክአፕም አትመልስበት፤ ቅንብሩን በእጅህ ጻፈው። ዊንቦክስና ኤስኤስኤች፣ ሁለቱም የማስተዳደሪያ በሮች፣ ከውጭ ጨርሶ አይታዩ።

አምስተኛው አንድ ጥቃት ሳይሆን ሰንሰለት ነው። በኢሜይል ገባ፣ ሰው ከፈተው፣ የሰውዬዋን መብት ተጠቅሞ ሼርድ ፎልደሩ ላይ ደረሰ፣ ቆለፈ። ብዙ ሰው «ራንሰምዌር» ብሎ ይጨርሰዋል። ስሙ ልክ ነው፤ ግን ስለ መጨረሻው ቀለበት ብቻ ነው የሚናገረው። አንተ የምትጠይቀው የፋይናንሷ አካውንት ለምን ሁሉም ፎልደር ላይ መጻፍ እንደቻለ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የሚባለው ራንሰምዌር ዓለምን ሲያምስ ማንም ኢሜይል መክፈት አላስፈለገውም። ፖርት 445 ላይ በነበረ የዊንዶውስ ቀዳዳ ራሱ ከማሽን ማሽን ይዘል ነበር። ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን ያወጣው ከሁለት ወር በፊት ነው። ሁለቱም ራንሰምዌር ይባላሉ። የአንዱ መድኃኒት ማዘመን ነው፤ የሌላው መብት መቀነስና ከኔትወርኩ ውጪ የሚቀመጥ ባክአፕ።

ተመራቂ_17

ጋሽ ኬብል፣ ስለ ኬዲዲ ምንም አላሉም። ትቼው ልሂድ እንዴ? አማካሪዬ ርዕሱን አጽድቀውልኛል።

ጋሽ_ኬብል

አልረሳሁህም፤ ባለ ሆቴሉ ላይ እሳት ስላለ ነው።

ኬዲዲ 99 መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1998 ኤምአይቲ ሊንከን ላብራቶሪ ውስጥ ለአሜሪካ መከላከያ የምርምር ተቋም፣ ለዳርፓ፣ የተዘጋጀ ትራፊክ ነው። የአሜሪካ አየር ኃይል ኔትወርክ ተመስሎ የተሠራ ነው፤ ከእውነተኛ መሥሪያ ቤት የተቀዳ አይደለም። ሁሉም የሚጠቀምበትን የ10 በመቶ ፋይል ክፈትና ቁጠር። 494,021 መስመር አለው። ከዚያ ውስጥ 280,790 ስመርፍ የሚባል አንድ ጥቃት ነው። ዩቱአር ግን 52 ብቻ ነው። የመጣለትን ሁሉ «ስመርፍ» የሚል ሞዴል ብትሠራ ከግማሽ በላይ ትክክል ይሆናል ማለት ነው። እንዲህ ባለው ዳታ ላይ 99 በመቶ አገኘሁ ሲሉኝ አልደነግጥም። ስመርፍ ራሱ ዛሬ የለም ማለት ይቻላል። ለጠቅላላ ኔትወርኩ የሚላክ ፒንግ ላይ የቆመ ነበር፤ ራውተሮች እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ ያንን በነባሪ እንዳያሳልፉ ተደረገ።

ምደባውንም እይ። ዶስ ውጤት ነው። ፕሮብ አድራጎት ነው። ሌሎቹ ሁለቱ የመብት ዕድገት ናቸው። እሱም ተደባልቋል። ደግሞ የፕሮቶኮል ዓምዱ ሦስት መልስ ብቻ ነው ያለው፦ ቲሲፒ፣ ዩዲፒ፣ አይሲኤምፒ። የሐዋሳው ኔትካት ኤአርፒ ነው። አንተ ሞዴልህን እዚህ ሆቴል ብትተክለው ያ እንግዳ እስከ ንጋት ሲቆርጥ ቢያድር አያየውም።

ርዕስህን አትጣል። ኤንኤስኤል ኬዲዲ እ.ኤ.አ. በ2009 ወጥቷል፤ ድግግሞሹን አውጥተውለታል። ከመሠልጠኛው 78 በመቶው ድግግሞሽ እንደነበር ያወቁት እነሱ ናቸው። ከዚያ ዩኤንኤስደብሊው ኤንቢ15 አለ፤ ዘጠኝ የጥቃት ምድብ አለው። ሲአይሲ አይዲኤስ 2017 አለ። ከእነዚህ ሁለቱን አወዳድርና በየምድቡ ለየብቻ ውጤትህን አሳይ። ጠቅላላ አማካዩን ብቻ ይዘህ አትቅረብ። ትንንሾቹ ምድቦች የሚደበቁት እዚያ ውስጥ ነው።

ሕግ_ነክ

ከሕግ በኩል አንድ ነገር ልጨምር። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የራሱ ምደባ አለው። ሕገ ወጥ ደራሽነት፣ ሕገ ወጥ ጠለፋ፣ በኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ጣልቃ መግባት፣ በኮምፒውተር ዳታ ላይ ጉዳት ማድረስ። ሕጉ መሣሪያው ምን እንደሚባል አይጨንቀውም፤ የተነካው ምንድን ነው ነው የሚለው። የራንሰምዌሩን ጉዳይ ለፖሊስ የምትወስዱት ከሆነ ኮምፒውተሩን ፎርማት አታድርጉት። ጋሽ ኬብል ስለ ሎጉ ያሉት ለማስረጃም ነው የሚጠቅመው።

ቆርጦ_ቀጥል

ኧረ እኔ ቀልዴን ነው። ግን ጋሽ ኬብል፣ እዚህ ዝርዝር ውስጥ ዝም ብሎ የሚያዳምጥ ሰው የት ነው የሚገባው? ካፌ ተቀምጦ ክፍት ዋይፋይ ላይ የሚያልፈውን ብቻ የሚቀዳ?

ጋሽ_ኬብል

ጥሩ ጥያቄ፣ ከቀልድህ ይሻላል። እሱ ተገብሮ ጥቃት ይባላል፤ ምንም አይልክም፣ ምንም አይለውጥም። ስለዚህ ሎግ ላይ አሻራ የለውም። የባለ ሆቴሉ ፎርም ዓመቱን ሙሉ ቢሞላ ይሄ አንድ ረድፍ አያገኝም፤ ስለሌለ ሳይሆን ስለማይታይ ነው። እሱን በመመዝገብ አትይዘውም፤ በምስጠራ ነው ከንቱ የምታደርገው። የእንግዶች ዋይፋይ ፓስወርድ ከሌለው ዛሬውኑ ደብሊውፒኤ2 በሚባለው የዋይፋይ ምስጠራ አድርጉት፤ ዕቃው የሚችል ከሆነ ደብሊውፒኤ3። ፓስወርዱን ሁሉም እንግዳ የሚያውቀው ከሆነ ግን ደብሊውፒኤ2 ብቻውን አይመካበትም።

ሐይቅዳር_አይቲ

ጋሽዬ፣ ሎጉን አውጥቻለሁ። ስኬጁለሩ ውስጥ የማላውቀው ስክሪፕት አለ፤ በየተወሰነ ደቂቃው ከሆነ ድረ ገጽ ፋይል ያወርዳል። ሶክሱም በርቷል። ማታ እንግዳ ሲቀንስ ከዜሮ እጭነዋለሁ። ዲኤንኤሱን ግን ከውጭ አሁኑኑ ዘግቼዋለሁ፤ መላኪያው ወዲያው ወረደ። ሪሴፕሽን «ዛሬ ምን ነካው፣ ይበራል» ብለው ደወሉልኝ።

ፎርሙንም በአራት ዓምድ ከፈልኩት። ሥራ አስኪያጁ አይቶ ወደደው። አንድ ግን ጨምር አለኝ፦ «አጥቂው ማን ነው»። የአይፒ አድራሻውን አገር ፈልጌ ልጻፍበት?

ጋሽ_ኬብል

አትጻፍ። የራስህን ሆቴል አስብ። አሁን በሌላ አገር ያለ አንድ አይቲ ሎጉን ከፍቶ የናንተን አድራሻ እያየ ነው። እሱም ፎርሙ ላይ «አጥቂ፦ ኢትዮጵያ» ብሎ ሊጽፍ ነው። ዓምዱን «የታየ አድራሻ» በለውና ቁጥሩን ብቻ አስገባ። የኔትካቱን ሰውዬ ግን የክፍል ቁጥሩን ታውቀዋለህ፤ እሱን ለሪሴፕሽን ንገራቸው።